ማን ተከለው

ከጃማ ገደል ወዲህ፣ ከመንገዱ በስተ ግራ፣ ያልታረሰ ኮረብታ አለ። ዙሪያው ሁሉ ጤፍና ማሽላ ሲሆን እሱ ብቻ ሣርና ቁጥቋጦ ነው፤ አናቱ ላይ የጎራዴ ምስል የተቀረጸበት ረጅም ድንጋይ ቆሟል። አገሬው ኮረብታውን «ማን ተከለው» ይለዋል። ስሙ የወጣው ከአንድ ሰው ጥያቄ ነው ይላሉ ሽማግሌዎች።

እንደሚነገረው፣ በዘመነ መሳፍንት፣ ጌታ በጌታ ላይ በሚዘምትበትና ገበሬው ነገ ማን እንደሚገዛው በማያውቅበት ጊዜ፣ እንግዳሸት የሚባል ደብተራ በዚያ አገር ይኖር ነበር። ከቅኔ ማኅሌቱ ሲወጣ ወደ ድንጋዩ ይሄዳል፤ ምስሉን በክር ይለካል፣ በብራና ቁራጭ ላይ ይገለብጣል። ያዘዘው ሰው አልነበረም። ሽማግሌ አለ በተባለበት መንደር ሁሉ እየዞረ ድንጋዩን ማን ተከለው ብሎ ይጠይቃል፤ አንዱ ከጥፋት ውሃ በፊት የነበሩ ግዙፋን ናቸው ሲለው፣ ሌላው ስሙን ጠርቶ የዚህ ወይም የዚያ ሰው አያት ነው ይለዋል፤ እሱም ሁሉንም ይጽፋል።

ሃያ ዓመት እንዲህ ካለፈ በኋላ ጉልበቱ ከዳው፣ ዓይኑም ፈዘዘ። ሚስቱ የውብዳር የጓሮውን ጎመን ብቻዋን ስትኮተኩት ኖራ እሷም ደክሟት ነበርና፣ ተው ማለቱን እንኳ ትታው ነበር ይባላል።

ከዚያ የጣሰው ልጆችና የወልዴ ልጆች በኮረብታው ተካሰሱ። ሁለቱም ድንጋዩን የተከለው የእኛ አያት ነውና ርስቱ የእኛ ነው አሉ። የአገሩ ምስለኔም ነገሩን የሚያውቀው ደብተራው ስለሆነ እሱ የመሰከረለት ይውሰድ አለ። ደብተራው የሚኖረው በጣሰው ልጆች መሬት ላይ ነበር፤ ችሎቱ ሲቃረብ እነሱ ቤቱ ድረስ መጥተው፣ የአያታችንን ስም ብትጠራ የወንዙን ዳር ማሳ እንሰጥሃለን፣ ባትጠራ ግን አገሩ ሰፊ ነው አሉት። ሲወጡ የውብዳር፣

«ሃያ ዓመት ጠይቀህ አንድ ስም መጥራት ያቅትሃል?» አለችው።



በችሎቱ ቀን ከዋርካው ሥር ብራናዎቹን ዘርግቶ ቆመ።

«ጌታዬ፣ ሃያ ዓመት ጠይቄ አሥራ አንድ ስም ነገሩኝ። የጣሰው ልጆች አያት አንዱ ነው፣ የወልዴ ልጆችም አያት አንዱ ነው። ማን እንደ ተከለው ግን አላውቅም። አላውቅም ማለቱ እኔንም ታክቶኛል፤ ቢሆንም አላውቅም።»

ምስለኔው የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች እንዲምሉ ቢጠይቅ፣ ያ ሁሉ ብራና ተዘርግቶ ሳለ የደፈረ አልተገኘም። ስለዚህ ኮረብታው የማንም እንዳይሆን፣ እንዳይታረስም ተፈረደ።

በሳምንቱ የጣሰው ልጆች ደብተራውን ከቤቱ አስነሡት። የውብዳር እንስራዋን አዝላ፣ እሱ ብራናውን ታቅፎ፣ ማንም ወዳልያዘው ኮረብታ ወጡ። ዳገቱ መሐል ትንፋሽ አጥሯቸው ሲቀመጡ፣ ለዚህ ስላበቃት ይቅርታ ይጠይቃት ጀመር።

«ተወው፣ እኔም ብሆን አልጠራም ነበር» አለችው።

እዚያው ጎጆ ቀልሰው ጥቂት ዓመት ኖሩ ይባላል። ብራናውን ምስጥ በላው፤ ከአሥራ አንዱ ስም ዛሬ ሙሉውን የሚቆጥር የለም።

ኮረብታውን ግን እስካሁን ሞፈር አልነካውም። በዚያ አገር ለድንበር ምስክርነት የተጠራ ሰው «አላውቅም» ብሎ ከችሎት ሲመለስ፣ ሁለቱም ተሟጋቾች ተነሥተው እስከ ቤቱ ደጃፍ ይሸኙታል።