የፊታውራሪ ቁራኛ

አያ ድልነሳውን በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ አይገኝም፤ ምላሱን ግን አባት ለልጅ እያወረሰ እኛ ዘንድ አድርሷታል። የፊታውራሪ አስናቀ ጭሰኛ ነበር። ሀብቱ አንድ በሬና ያቺው ምላሱ ናት። በሬውን ከጎረቤቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ ያርሳል፤ ምላሱ ግን አጣማጅ አልነበራትም። ፊታውራሪን «አሉ»፣ እሱን «አለ» እያልኩ ባወራ አትቀየሙኝ፤ እኔም የተቀበልኩት እንዲሁ ነው።

አንድ ቀን ፊታውራሪ በበቅሎ ሲያልፉ አራሚው ሁሉ ከበቆሎው እየወጣ መሬት ሳመ። አያ ድልነሳው ግን አቀርቅሮ ማረሙን ቀጠለ። ፊታውራሪ በቅሎዋን ገታ አድርገው፣ በማን ተማምኖ እጅ እንደማይነሣ ጠየቁት።

«ጌታዬ፣ ለእርስዎ እህል ከጠዋት ጀምሮ እንዳጎነበስኩ ነኝ፤ ደግሜ እንዳጎነብስ ቀና ልበል?»

አሽከሮቹ ሳቃቸውን በኩታቸው አፈኑ። ፊታውራሪ ግን ቂም ያዙ። ብዙም ሳይቆይ በሬው ለጌታ ከብት ከተከለለው ሣር ገባ ተብሎ እየተነዳ ሄዶ ግቢያቸው ታሰረ። የጤፍ ዘር ሊደርስ ነው። በሬ የሌለው ጭሰኛ ማሳውን ይነጠቃል፤ ማሳውን የተነጠቀ ደግሞ ልጆቹን ይዞ ይሰደዳል።

አያ ድልነሳው ደጅ ጠና። በረኛው አንድ ቀን ጌታ ተኝተዋል ይለዋል፣ ሌላ ቀን እየጸለዩ ነው ይለዋል፣ በመጨረሻ ባላገር በዚህ በር አይገባም ብሎ አባረረው።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ በሬውን ያለ ደጅ ጥናት ስታስገቡት ጭራውን ይዤ መግባት ነበረብኝ።»

መላው ሲጠፋው፣ ፊታውራሪ ገበያ በወረዱበት ቀን በሕዝብ መሐል «በሕግ አምላክ» ብሎ የነጠላውን ጫፍ ከኩታቸው ጫፍ ጋር ቋጠረው። ይህ በዚያ ዘመን ቁራኛ ይባላል፤ ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቆራኝተው፣ ዳኛ እስኪያያቸው አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ጌቶች እንኳ ወኪል ያቆማሉ እንጂ ራሳቸው አይታሰሩም። ፊታውራሪን ግን ገበያው ሁሉ ሲያያቸው ኩራት ያዛቸውና፣ ከእሳቸው ጋር መታሰር ለእንዲህ ያለው ባላገር ሹመት ነው አሉ። ምነው ያቺን ቃል ባልተናገሯት።

ዳኛው የፊታውራሪ አማች ናቸው፤ የዘሩ ጊዜ እንዲያልፍበት ብለው ቀጠሮውን አራዘሙት። በመሐል ፊታውራሪ መኳንንቱን የሚያበሉበት የግብር ቀን ደረሰ። መኳንንቱ በየማዕረጋቸው ሲቀመጡ አያ ድልነሳውም ከፊታውራሪ ጎን ጉብ አለ። አሳላፊው ደንግጦ፣ ቦታው ከበሩ ሥር መሆኑን ነገረውና ተነሥ አለው።

«እነሣለሁ። ለፊታውራሪም ከበሩ ሥር አንጥፍላቸው።»

ማንም አልተነሣም። ብርንዶው ቀረበ። አያ ድልነሳው እያንዳንዷን ጉርሻ ቀስ ብሎ ሲያላምጥ ያዩት አንድ ቀኛዝማች፣ የጌታ ሥጋ እንዴት እንደጣፈጠው በሹፈት ጠየቁት።

«ጣዕሙን አይደለም፤ በሬዬ እንዳይሆን እያጣራሁ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ፊታውራሪ ሲሄዱ ይከተላል፣ ሲተኙ ከአልጋቸው ሥር ይጋደማል። መንገድ ላይ ለጌታ እጅ የሚነሣው ሁሉ ሳይወድ ለእሱም ይነሣል። እሱ ግን ልቡ ከበሬው ነው፤ ከጋጣው ሲያጓራ በሰማው ቁጥር ቀና ብሎ ያዳምጣል።

በመጨረሻ ችሎቱ ይፋጠን ያሉት ፊታውራሪ ራሳቸው ናቸው። ዳኛው ከሾላው ሥር ተቀመጡ፤ ባላገሩም ፍርዱን ሊሰማ ዙሪያውን ሞላው። ዳኛው ለአማቻቸው ምንጣፍ አስነጠፉና ወደ አያ ድልነሳው ዞሩ።

«ከጌታ ማዕድ በላህ፣ ጠጅ ጠጣህ፣ እጅ ተነሣልህ። ከባላገር ይህን ያገኘ ማን አለ? ለዚህ ሁሉ ክብር አንድ በሬ ይበዛል? በል፣ ቋጠሮው ይፈታና ወደ ቤትህ ሂድ» አሉት።

አንድ አሽከር ሊፈታ እጁን ሲዘረጋ አያ ድልነሳው ቋጠሮውን ጨበጠ።

«አይፈታ። እኔ በእሳቸው ማዕድ ተቀመጥኩ፤ አሁን ደግሞ እሳቸው በእኔ ቀንበር ይግቡ። የጎረቤቴ በሬ አጣማጅ ካገኘ፣ የኔው በሬ ይቅርብኝ።»