የጋራው ጉድጓድና አያ ዝንጀሮ

ድሮ ድሮ፣ ስሙን ነፋስ በወሰደው አንድ አገር፣ አራዊት ሁሉ ለክረምት የሚሆናቸውን ማሽላ በአንድ የጋራ ጉድጓድ ያከማቹ ነበር። የጉድጓዱ ጠባቂ አያ ዝንጀሮ ነው። የአገሩ ሹም የሚመረጥበት ጊዜ ሲቃረብ፣ አያ ዝንጀሮ የባለረጅም ጅራቶች ማኅበር አቋቋመና በየሰፈሩ ይደግስ ጀመር።

እመት ጃርት ከድግሱ ጠላ ብትቀምስ የጉድጓድ እህል ሸተታት። ልጆቿ ትዝ አሏት። ክረምቱ ደግሞ ደጅ ላይ ቆሟል። ልትጠይቅ ሄደች።

«አያ ዝንጀሮ፣ ይሄ ሁሉ ድግስ ከየት ነው?»

«ከቤቴ ነው እመት ጃርት፣ ከቤቴ።»

«የጋራው ጉድጓድስ?»

«ከመኸር ወዲህ ክዳኑ አልተነሣም። አንቺ ጅራትሽ ስላጠረ ነው ነገር የምታስረዝሚው።»

ቀበሮን ጠየቀች። ቀበሮ የጠላውን አረፋ ከአፉ እየጠረገ «ከቤቱ ነው፣ ከቤቱ» አላት።

ጥንቸልን ጠየቀች። «ተይው እቴ፣ ነገ ሹም ሲሆን ምን ይውጠናል?»

እመት ጃርት ሄዳ የጉድጓዱ ክዳን ላይ ተቀመጠች። እሾኋን አቁማ «ሁላችንም ባለንበት ካልተከፈተ አልነሣም» አለች። ፀሐይ መታት፣ ካፊያ መታት፤ አልተነሣችም። አላፊው ሁሉ «ምን ሆነሽ ነው?» እያለ ሲቆም፣ ሲቆም፣ አገሩ በሙሉ ተሰበሰበ።

ክዳኑ ተነሣ። ሁሉም አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ለምን ቢባል፣ እህል እንደያዘ ተደፍኖ የከረመ ጉድጓድ ትንፋሹ ይገድላል፤ ነፋስ ሳይገባው፣ የተለኮሰ ችቦ ወርዶ ሳይጠፋ ካልቆየ፣ ማንም አይገባበትም።

«ችቦ አምጡ፣ ወርጄ የማየው እኔ ነኝ» አለች እመት ጃርት።

አያ ዝንጀሮ ይህን ሰማ። ወርዳ ካየች ጉዱ ፈላ። «ጠባቂው እያለሁ ማን ይወርዳል?» አለና ዘሎ ገባ። ከታች ሆኖ «ሙሉ ነው፣ ክደኑት» ቢል፣ ድምፁ እንደ ባዶ ጋን አስተጋባ።

«አያ ዝንጀሮ፣ ትንፋሹ አልገደለህም እንዴ?» አለች እመት ጃርት።

«ምን ትንፋሽ አለው፣ ትናንትና እኮ...» ብሎ አፉን ያዘ።

«ትናንትና?» አለ አገሩ በሙሉ።

«የጅራት ወንድሞቼ፣ ገመድ ጣሉልኝ» አለ ቀስ ብሎ።

«ገመድ የለም» አለች እመት ጃርት። «የበላ ሁሉ ማሽላውን ያምጣ። ከቤቱ፣ ከቤቱ። ጉድጓዱ ሲሞላ እህሉ ራሱ ያወጣሃል።»

ባለረጅም ጅራቶቹ አንገታቸውን ደፍተው በየቁናቸው አመጡ። እነሱ ሲያፈሱ እሱ ሲረግጥ፣ ሲያፈሱ ሲረግጥ፣ ገለባ ተከናንቦ አፋፉ ላይ ብቅ ሲል ምርጫው አልፏል። ሐምሌ ሲገባም የጃርት ልጆች ማሽላቸውን ይቆረጥሙ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክዳኑን የሚጠብቁት አንድ ባለረጅምና አንድ ባለአጭር ጅራት አብረው ነው።

ለዚህ ነው እንዲህ የሚባለው፦ የጋራ ጉድጓድ የደፈረ፣ ትናንትም እዚያው ነበረ።