ማር ነጋዴው ከሥር የሸሸገው

በእኛ አገር ልጅ ሊዳር ሲታሰብ ሽማግሌዎች የሚተርቷት ተረት አለች። ዝም ብላ የመጣች አይደለችም፤ ያመጣት አንሙት የሚባል ማር ነጋዴ ነው።

አንሙት ከገንቦው አፍ ነጩን ማር፣ ከሥሩ ድፍርሱን አድርጎ መሸጥ ያውቅበታል። ለጋብቻ ሁለት ቤት ሽማግሌ ልኮ፣ ሁለቱም "ዓይነ ስውር አማት እንድትጦር ልጃችንን አንሰጥም" ብለው መለሱበት። ስለዚህ ለሦስተኛዋ፣ ለየሺመቤት፣ እንደ ንግዱ ሊያደርግ ቆረጠ። ዕቃ የሚሸጠው በአቀራረቡ ነው ብሎ በቅሎና ካባ ተዋሰ። ደንበኞቹም ገበያ ለገበያ ስሙን በደግ እንዲያነሱለት ለመነ። ሽማግሌዎቹን ደግሞ፣ "እናቱስ ካሏችሁ፣ እህቷ ዘንድ ናት በሉ" አላቸው። ይህን ሲናገር ምላሱን መረረው፤ ግን የሺመቤት ገበያ ላይ ስትስቅ ካየ ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል።

አባቷ አቶ ይመኑ ማር ገዢ ናቸው፤ እንጨት እስከ ገንቦው ሥር ሳይሰዱ ገዝተው አያውቁም። ሽማግሌዎቹን "እናስብበት" ብለው ሸኙና፣ በሳምንቱ ሳይጠሩ አንሙት ደጅ ብቅ አሉ።

በቅሎውም ካባውም ለባለቤቶቻቸው ተመልሰዋል። አንሙት እናቱን ፀሐይ ላይ አስቀምጦ እግራቸውን ያጥባል።

"ቀስ በል እንጂ፤ ገንቦ የምታጥብ መሰለህ?" ይላሉ እናቱ።

"እሺ እማዬ።"

ቀና ሲል እንግዳውን አየ። አለቀልኝ አለ በልቡ።

"እኒህ ማን ናቸው?" አሉ አቶ ይመኑ።

"እናቴ ናት። ሽማግሌዎቹን ያስዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እንደሌሎቹ እንዳይመልሱኝ ፈርቼ። ልጅዎን እወዳለሁ፤ እናቴን ግን የትም አልሰዳትም።"

አቶ ይመኑ ከት ብለው ሳቁ። "ድፍርሱን ከሥር የሚሸሽግ ነጋዴ ስንቱን አይቻለሁ፤ ደጉን ከሥር የሸሸገ ግን አንተን አየሁ። ውሸትህን አልወደድኩም፤ እጅህን ግን ወደድኩት።"

አንሙት በአቶ ይመኑ እግር ላይ ወድቆ አለቀሰ። የሺመቤትም ተድራ ገብታ ለእናቱ ዓይን ሆነች፤ እሱም እስከ ዕድሜው ማብቂያ ያን ያልተጠራ እንግዳ ሲያመሰግን፣ ገንቦውንም እስከ ሥሩ በነጭ ማር ሲሞላ ኖረ።

በሠርጉ ዕለት ጎረቤቶች፣ "በቅሎ የሌለውን ሰው በምን አምነው ዳሩለት?" ቢሏቸው፣ አቶ ይመኑ የጠጅ ብርሌያቸውን አስቀምጠው፣ "ማርን በእንጨት፣ አማችን በድንገት" አሉ።