ጊታሪስቱ ያልጠየቃት ሴት

አንድ ጊታሪስት ነበረ። ጣቱ የተባረከ፣ ልቡ ግን ፈሪ።

ፈትለወርቅ፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። እናትሽ ስትሮክ መትቷት ምላሷ ከተሳሰረ ወዲህ እንዴት አድርገሽ እንደምታናግሪያት ጨንቆሻል። ወንድምሽ እንደ ድሮው አናግሪያት ይላል፣ ጎረቤትሽ እንደ ሕፃን አባብያት ትላለች፣ ሐኪሙ ቀስ በይ ይላል። አንቺ ደግሞ አንድ ነገር ብሳሳት ይብስባታል ብለሽ አፍሽን መክፈት ፈርተሻል። እመልስልሻለሁ። መጀመሪያ ግን ይህን ሰውዬ ልጨርሰው።

ጊታሪስቱ የሚጫወተው ለአንዲት ዘፋኝ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ከጎኗ ቆሟል። በደህናው ጊዜ ድምጿ አዳራሹን ሞልቶ መንገድ ላይ ይሰማ ነበር። ዕድሜ ሲመጣ ድምጿ ወረደ፣ ጎረነነ፣ ትንፋሿም አጠረ። አንድ ቅዳሜ ዘፈኑን ከመሐል አቋርጣ፣ ጉሮሮዋን ይዛ ከመድረክ ወረደች። የአዳራሹ ኃላፊ ጊታሪስቱን ለብቻው ጠርቶ፣ «ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ትሞክር። ያን ቀን ካቃታት ሌላ ሰው አመጣለሁ» አለው። ጊታሪስቱ ይህን ለእሷ አልነገራትም። ብቻውን ይዞት ዞረ።

በዚያው ሰሞን አዲስ ጊታር እያሠራ ነበር። እንጨቱን የሰጠችው እሷ ናት። ሁለቱ መጀመሪያ አብረው የሠሩበት ቤት ሲፈርስ፣ ከበሩ ላይ አንዲት የዋንዛ ሳንቃ ለምና አስቀርታ፣ ስንት ዓመት አልጋዋ ሥር አኑራት ነበር። «እኔ ዘንድ ዝም ብላ ከምትቀመጥ አንተ ዘንድ ድምፅ ታውጣ» ብላ ሰጠችው። እንዲህ ያለ ሌላ ሳንቃ የለም።

አንቺ ከጊታር ጋር ስለማትተዋወቂ ትንሽ ላስረዳሽ። የኤሌክትሪክ ጊታር እንዲያው ቢመቱት ድምፁ ከተጫዋቹ ጆሮ አያልፍም። ከክሮቹ ሥር ፒክአፕ የሚሉት ማግኔት ይቀበራል፤ የክሩን ንዝረት ተቀብሎ ወደ ማጉያው የሚልከው እሱ ነው። ሰፊው ፒክአፕ ድምፁን ያወፍረዋል፣ ጠባቡ ያቀጥነዋል። እንጨቱም በፒክአፑ ልክ ይቦረቦራል። ለሰፊው የተቦረቦረ ጊታር ለጠባቡ አይሆንም፤ የወጣውን እንጨት ማንም አይመልሰውም።

ጊታር ሠሪው ሥራውን ጨርሶ የቀረው ይኸው ብቻ ነበር። ሦስት ፒክአፕ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፤ አንድ ሰፊ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ጠባብ። «የቱን ልቅበር?» አለው።

ጊታሪስቱ በመጀመሪያው ቀን ሰፊውን አለ። ሠሪው ሳንቃዋ ላይ ልኩን በእርሳስ አሰመረ። በማግስቱ ጊታሪስቱ ገና በጠዋቱ መጥቶ መስመሩን በምራቁ አጠፋው። መካከለኛው ይሁን አለ። ከሰዓት ተመልሶ እሱንም አጠፋው። ሠሪው መሮውን አንስቶ አስቀመጠ፣ አንስቶ አስቀመጠ።

ከዚያ ከተማውን መዞር ጀመረ። የጭፈራ ቤት ጊታሪስት፣ «ወፍራሙ ነው ሰው የሚያስነሣ» አለው። የስቱዲዮ ባለሙያ፣ «መካከለኛው ከማንም ጋር ይስማማል» አለው። አንዱ ደግሞ ምንም ሳይል ስልኩን አውጥቶ የፈረንጅ ቪዲዮ ሲያሳየው ዋለ። ጠባቡን የመከረው የለም። እሱም በሰው ጊታር ሞክሮት ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል ብሎ ትቶታል። ሰው ሰላም ሲለው እንኳ ስለ ፒክአፕ ነበር የሚመልሰው። የሆነ ሆኖ ልቡ ወደ ሰፊው ያደላ ነበር። ለምን መሰለሽ? ድምጿ ሲሰነጠቅ ወፍራሙ ጊታር ይሸፍንላታል ብሎ ነው። ከክፋት አልነበረም፤ ከፍቅር ነበር የተሳሳተው።

ለመሞከሪያዋ ቅዳሜ አራት ቀን ሲቀር የሠሪው ትዕግሥት አለቀ።

«ለመሆኑ ለማን ነው የምትጫወተው?»

«ለእሷ ነዋ።»

«እሷስ ምን አለች?»

ጊታሪስቱ ደነገጠ። «እሷን አልጠየቅኋትም። ስለ ፒክአፕ ምን ታውቃለችና ላስቸግራት?»

«ነገ ይዘሃት ና» አለው ሠሪው።

አየሽ፣ ከተማውን ሁሉ ጠይቆ እሷን አልጠየቃትም።

በማግስቱ መጣች። ሠሪው ወንበር ላይ ያለውን ፍቅፋቂ በእጁ ጠርጎ አስቀመጣት። ገና ምንም አልተቦረቦረም። ሰፊውን ፒክአፕ ከሽቦ ጋር አያይዞ፣ ከክሮቹ በላይ ገልብጦ በእጁ ያዘው። ጊታሪስቱ መታ፤ እሷም ዘፈነች። ሲጨርሱ ጊታሪስቱ በጭንቀት፣ «እትዬ፣ እንዴት ነው?» አላት።

«ግሩም ነው ልጄ» አለች።

መካከለኛውን ያዘላቸው። አሁንም ዘፈነች። «እሱም ግሩም ነው» አለች። ምን ትበል? ይሉኝታ የያዛት ሴት ናት። አሥራ አምስት ዓመት አብሯት የቆመውን ልጅ፣ ጊታርህ እያነቀኝ ነው እንዴት ትበለው?

ጊታሪስቱ ግራ ተጋባና ፒክአፖቹን ማገላበጥ ጀመረ። ሠሪው እጁን ያዘው፤ ወደ ጆሮውም ጠጋ ብሎ፣ «አንተ ጣትህን ታያለህ፣ ድምፅህን ታዳምጣለህ። አሁን እሱን ተወውና አንገቷን እይ» አለው።

ሠሪው ሰፊውን መልሶ ያዘ። ጊታሪስቱ ጣቶቹን ለልምዳቸው ትቶ ቀና አለ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳይደርሱ የአንገቷ ደም ሥር ተገተረ። ጊታሩ የሚያገሳው ልክ ድምጿ በሚያርፍበት ቦታ ነበር፤ እሷ እሱን አልፋ ለመሰማት ትገፋለች፣ ትገፋለች፣ ጉሮሮዋ ይደርቃል። ማጉያውን ቀነሰው፤ ሥሩ እንደተገተረ ነው። በመካከለኛውም ያው ሆነ። ያን ጊዜ ያ ቅዳሜ ትዝ አለው። ዕድሜዋ ብቻ አልነበረም ከመድረክ ያወረዳት፤ ያን ቀን የያዘው ጊታርም ባለ ሰፊ ፒክአፕ ነበር።

«ጠባቡን ያዝ» አለ።

ጠባቡ ብቻውን ሲሰማ ምስኪን ነገር ነው፤ ያፈረበትም ለዚያ ነበር። ዘፋኟ ጀመረች። አንደኛው ስንኝ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። አንገቷ ላይ የተገተረው ሥር ቀስ እያለ ተኛ። ትከሻዋ ወረደ። ዘፈኑ የሚያልቅበት ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ ተርፏት ኖሮ፣ ማንም ሳይጠይቃት አንድ ዙር ጨመረች። ጊታሪስቱ እያለቀሰ መታ። እርሳሱን ራሱ አንስቶ የጠባቡን ልክ አሰመረና መሮውን ለሠሪው አቀበለው። ፍርሃቱ አልለቀቀውም። ግን መስመሩን አላጠፋውም።

ቅዳሜ ምን ሆነ ትዪኛለሽ? ዘፈነች፤ እስከ መጨረሻው ዘፈነች። ጊታሩን ያመሰገነ አንድ ሰው የለም። እንዲያውም አንዱ ደንበኛ በር ላይ አግኝቶት፣ «ዛሬ አልተጫወትክም እንዴ?» ብሎታል። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

እንግዲህ ወዳንቺ ልመለስ። አንቺ ያ ጊታሪስት ነሽ፣ ልጄ። እንደ ድሮው፣ እንደ ሕፃን፣ ቀስ ብሎ፤ ሦስቱን አነጋገር ይዘሽ ከተማውን ትዞሪያለሽ። የምታዳምጪው የራስሽን ድምፅ ነው፤ ጥሩ ልጅ እመስል ይሆን እያልሽ። ከአፏ የቀረው አንድ ቃል «ደህና» የሚለው ብቻ ነው ብለሽኛል። ምን ብትያት «ደህና» ትልሻለች። እሷም እንደ ዘፋኟ ናትና በቃሏ አትነግርሽም። ግን አንገት አላት፣ ትከሻ አላት፣ እጅ አላት። አናግሪያትና እዪያት። የተገተረ ነገር ካየሽ ያን ተዪው። ሲላላ ካየሽ እዚያው ቆዪ፤ ለጆሮሽ ምስኪን ቢመስልሽም።

ብሳሳትስ ነው የምትዪኝ? ትሳሳቻለሽ። እናትሽ ግን ሳንቃ አይደለችም፤ ዛሬ የተሳሳትሽውን ነገ ታስተካክዪዋለሽ። ነገ እስካለ ድረስ።

ሰኞ ወንድምሽ ጋ ነበርሽ፣ ማክሰኞ ሐኪሙ ጋ፣ ዛሬ ደግሞ እኔ ጋ ይኸው ግማሽ ቀን ተቀምጠሻል። «በል አታብዛ፣ ጋሽ ደምሰው» አትበዪኝና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አሁን እናትሽ ዘንድ ማን አለ?

ተነሺ።