ለአምስት ላም የመጣ ማሽን

በአንድ ወቅት፣ ከሐይቅ ከተማ በላይ ባለች አንዲት መንደር፣ እመት ዘሐራ የሚባሉ ሴት ነበሩ። አላቢነታቸው እንደ ማንም አልነበረም። የምትራገጥ፣ ወተቷን የምትይዝ አመለኛ ላም ያለችው ሰው ሁሉ እሳቸውን ይጠራ ነበር። ግቷን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፣ ግንባራቸውን ጎኗ ላይ አስደግፈው ሲያንጎራጉሩላት፣ አመለኛዋ ላም ወተቷን ትለቅ ነበር። ባላቸው ሲሞቱ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በላሞቻቸው ወተትና ቅቤ ነው፤ የማንንም ደጅ አልጠኑም።

ኋላ ግን እጃቸው ከዳቸው። መገጣጠሚያቸው አበጠ፤ ጣታቸው አልታጠፍ አለ። አንድ ቀን ጠዋት ዳለቻን፣ የአምስቱን ላሞች አውራ፣ ማለብ ጀምረው መጨረስ አቃታቸው። የወተቱን ዕቃ መሬት አስቀምጠው ቤተሰቡን ሰበሰቡ።

«ላሞቹ ይሸጡ» አሉ። «እኔ የማላልባት ላም ደጄ ላይ ቆማ ማየት አልችልም።»

የተሰበሰቡት ሦስት ነበሩ። የበኩር ልጃቸው ከማል ሐይቅ ከተማ በሞተር ሳይክል ሰው የሚያመላልስ ነው። ሴት ልጃቸው ረውዳ እዚያው መንደር ተድራ ልጆች ወልዳለች፤ የእናቷን እጅ የወረሰች እሷ ናት። ሦስተኛዋ ምራታቸው ሰዓዳ ናት። መካከለኛው ልጃቸው አግብቷት ብዙም ሳይቆይ ሲሞት፣ ወደ ወላጆቿ መመለስ ስትችል «እርስዎን ትቼ ወዴት እሄዳለሁ» ብላ አብራቸው ቀረች።

«እኔ እየመጣሁ አልባለሁ» አለች ረውዳ።

«አንቺ የራስሽ ቤት አለሽ። የሰው ጎጆ አፍርሼ የእኔን በረት አላቆምም።»

ከማል ግን «እማ፣ እስከ ገበያ ቀን ታገሽኝ» ብሎ ወደ ከተማ ወረደ።

በገበያ ቀን በእግሩ ተመለሰ። ከፊቱ አንድ የተጫነች አህያ ይነዳል። ጭነቱ ሲወርድ በመብራት የሚሠራ፣ ጡት ላይ የሚሰኩ ጎማዎች፣ ቱቦና ባልዲ ያለው የወተት ማለቢያ ማሽን ነው። ከማል ያንን ሞተር ሳይክል እንዴት እንደሚወደው መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ፊቱን ሳይታጠብ እሱን ነበር የሚያጥበው።

«ሞተርህስ?» አሉ እናቱ።

«ይኸው ሞተሬ» አለ ማሽኑን እያሳየ። ለውጦት ነው የመጣው።

ጎረቤታቸው አባ ይመር ሳቃቸው መጣ። «ለአምስት ላም ማሽን! ለአምስት እንግዳ የሰርግ ዳስ እንደመጣል ነው እኮ።»

«አባ ይመር፣ የላሞቹን ቁጥር አይቼ አይደለም ያመጣሁት» አለ ከማል። «የእማን ጣት አይቼ ነው።»

ማሽኑ ተነሣ። ድምፁ በረቱን ሲሞላው ዳለቻ ባልዲውን በእርግጫ አነሣችው፤ አንዷ ገመዷን በጠሰች፤ የቀሩትም ወተታቸውን ያዙ። ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። ከማል ማሽኑን አጥፍቶ አንገቱን ደፋ።

ረውዳ የዕለቱን ወተት በእጇ አልባ ስትነሣ፣ «ለአምስት ላም ሁለት እጅ ይበቃል፤ ተናግሬ ነበር» አለች።

ከዚህ በኋላ ነገሩን የያዘችው ሰዓዳ ናት። ማሽኑን ከበረቱ ውጪ አውጥታ ባዶውን ታስነሣዋለች፤ እሱ ሲጮኽ ለላሞቹ ፉርሽካ ታቀርባለች። ሲለምዱት በየቀኑ ጥቂት ታስጠጋዋለች። ኋላም እመት ዘሐራን እጃቸውን ይዛ ዳለቻ አጠገብ አስቀመጠቻቸው።

«የእርስዎን ድምፅ ካልሰማች አትለቅም። እርስዎ ያንጎራጉሩላት፤ መጭመቁን ለእሱ ይተዉለት» አለቻቸው።

«ከብረት ጋር ልዝፈን?»

«ከዳለቻ ጋር ነው የሚዘፍኑት። ብረቱ ይስማ።»

አንድ ቀን ጠዋት፣ እመት ዘሐራ እያንጎራጎሩ፣ ዳለቻ ጎማዎቹ ጡቷ ላይ እንዳሉ ማመንዠክ ጀመረች። ወተቱም በቱቦው ውስጥ ነጭ ሆኖ ሲወርድ ታየ። በሌላ ቀን ጎማዎቹን ራሳቸው እመት ዘሐራ ሰኩ፤ ለዚያ የሚታጠፍ ጣት አያስፈልግም፣ መዳፍ ይበቃል። ባልዲው ሲሞላ አጥር ጋ ወጥተው ተጣሩ።

«አባ ይመር! ና እይ! ዛሬም አላቢዋ እኔ ነኝ!»

ላሞቹ ይሸጡ የሚለው ነገር ከዚያ ወዲያ ከአፋቸው አልወጣም።

ክረምት ገባ። ከባድ ነፋስና ዝናብ የመብራት ምሰሶዎቹን ጣላቸው፤ ማሽኑ ዝም አለ። በዚያ ወቅት ሁለቱ ላሞች ገና የወለዱ ነበሩ፤ ግታቸው ወጥሮ ያቃስታሉ። ሳይታለቡ ቢያድሩ ጡታቸው ይታመማል፤ ጡቷ የታመመ ላም ደግሞ እንደገና ላትታለብ ትችላለች። ከማል ጄኔሬተር ሊዋስ ወጣ፤ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ባዶ እጁን ተመለሰ። ሰዓዳ በእጇ ብትሞክር ላሞቹ እምቢ አሏት።

ረውዳ ማንም ሳይጠራት መጣች። ልጆቿን ለአማቷ ሰጥታ፣ ጭቃውን እየረገጠች መጥታ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ማሽናችሁ ይረፍ» አለች። «እጅ መብራት አይጠይቅም።»

አምስቱንም አለበች። ማታም ተመልሳ አለበች። ምሰሶዎቹ እስኪተከሉ ድረስ፣ ጠዋትና ማታ፣ የእናቷን ዜማ እያንጎራጎረች አለበች። አንጓዋ ሲያብጥ በጨርቅ አስራ ቀጠለች። እመት ዘሐራ አጠገቧ ተቀምጠው እጇን እያዩ፣ «ወላሂ፣ የእኔው እጅ ነው» ይሉ ነበር። መብራት ሲመለስ አምስቱም ላሞች ደህና ነበሩ። ረውዳም ማሽኑን አንዴ እንኳ ሳትነካው ወደ ቤቷ ሄደች።

በዓመቱ ዳለቻ ሴት ጥጃ ወለደች፤ ቁርጥ እናቷን። እመት ዘሐራ ሦስቱን ጠሩና እንዲህ አሉ።

«ይህች ጥጃ የእኔ አይደለችም። በረቴ እንዳይዘጋ ላደረገው ሰው ናት። ማን ነው? ተናገሩ፤ አትፈሩ።»

«እኔ ነኝ» አለ ከማል። «ያንን አህያ ይዤ ባልመጣ፣ ላሞቹ ዛሬ በሰው ደጅ ነበሩ።»

«የመጣውማ ብረት ነው» አለች ሰዓዳ። «አላቢ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከዚህ ቤት ማኅፀን አልወጣሁም፤ ለዚህ ቤት በረት ግን ማንም ከእኔ በላይ አልደከመም።»

«ማሽኑን አልወደድኩትም፤ ዛሬም አልወደውም» አለች ረውዳ። «ግን እሱ ዝም ያለ ለት የእኔ እጅ ባይኖር፣ ከማል ያመጣው፣ ሰዓዳም ያላመደችው፣ ማንን ሊያልብ ነበር?»

እመት ዘሐራ ሦስቱንም በየተራ አዩአቸው። ፊታቸው በራ።

«አልሐምዱሊላህ! አንዳችሁ እንኳ ሰነፍ ብትሆኑልኝ ፍርዱ በቀለለኝ» አሉ።

መንደሩም ተከፈለ። አባ ይመር፣ ያ ሁሉ ሳቅ ቀርቶ፣ ለከማል ጥብቅና ቆሙ፤ ሚስታቸው ለረውዳ ቆመች፤ ወጣቶቹ ሰዓዳን ደገፉ። ጥጃይቱ አሁንም እናቷን እየጠባች፣ ስም ሳይወጣላት በረት ውስጥ አለች፤ ስም የሚያወጣላት ባለቤቷ ነውና።

እናንት የሰማችሁ፣ እንግዲህ ፍረዱ። የሚወደውን ሰጥቶ ማሽኑን ላመጣው ለከማል? ላሞቹን ከማሽኑ ላስታረቀችው፣ የሟች ሚስት ለሆነችው ለሰዓዳ? ወይስ ማሽኑን ሳትወድ፣ ማሽኑ በቆመ ጊዜ ለደረሰችው ለረውዳ? ጥጃይቱ ለማን ትገባለች?