ፀጉር ያስተከለው ነጋዴና ሟች የሌለው ለቅሶ

ኪ ኪ ኪ ኪ… ኧረ ሆዴን! ቆዩኝማ፣ ሳቄ ይብረድልኝ። አልቃሿ ድንኳን መሐል ቆማ «የሟቹን ስም ንገሩኝ እንጂ!» ያለችው ትዝ ብሎኝ ነው። እሱም ቢሆን ገና ነው፤ ዋናው መጨረሻ ላይ ነው ያለው። በሉ እስከዚያ አብራችሁኝ ዝለቁ፣ በወጉ ልጀምር።

አንድ የበርበሬ ነጋዴ ነበር። ዘርጋው ይባላል። ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ሚዛኑ የማያታልል፣ ከአፉ ክፉ የማይወጣ ሰው ነው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ፀጉሩ ደግሞ ከግንባሩ ጀምሮ እስከ መሐል አናቱ ድረስ ጥሎት ሄዷል። በዚህስ ሰው ይጨነቃል? ትሉኝ ይሆናል። ይጨነቃል እንጂ! ሰው በምን እንደሚጨነቅ እናንተ ትመርጡለታላችሁ?

ይህ ሰው ቀን ከሌት ኮፍያ ነው። ኮፍያ የሚወለቅበት ቦታ ሁሉ ቀስ በቀስ ቀረበት። ቤተ ክርስቲያን ኮፍያ ይወለቃል፤ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ተሳልሞ መመለስ ጀመረ። ሠርግ ቤት ሙቀት አለ፣ «አውልቅና ተጫወት እንጂ» ይሉታል፤ ሠርግ ቀረ። ቀብር ላይ ኮፍያ አድርጎ መቆም ነውር ነው፤ ቀብርም ቀረ። የእድሩን መዋጮ በሰው እየላከ እሱ ራሱ የማንንም ሬሳ ሳይሸኝ ስድስት ዓመት ሞላው። መጀመሪያ የሸሸው ኮፍያ ማውለቅን ነበር፤ ኋላ ሲያየው ሰውን ሸሽቶ ተገኘ። ማታ ማታ እጁን ታጥቦ ከገበታው ፊት ይቀመጣል። አንድ ሰሃን፣ አንድ ብርጭቆ። «ብላ» የሚለው የለ፣ እሱም «ብሉ» የሚለው ሰው የለ።

ከሱቁ ትይዩ እርድና ዝንጅብል የምትሸጥ እቴነሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ጠዋት ጠዋት «ዘርጋው፣ እንዴት አደርክ?» ትለዋለች። እሱ ኮፍያውን ወደ ቅንድቡ ሳብ አድርጎ «ይመስገን» ይልና ወደ ጆንያዎቹ ይዞራል። ልቡ ግን እዚያው እርዱ ላይ ይቀራል። ሽማግሌ ልኮ ሊጠይቃት ሦስት ዓመት አስቦ ሦስት ዓመት ተወው። «በዚህ ራስ?» ይላል።

አንድ ቀን ትልቁ ከተማ ውስጥ ፀጉር ከኋላ እየነቀለ ከፊት የሚተክል ሐኪም አለ ሲሉ ሰማ። ለማንም አልተነፈሰም። አሮጊቷን ጎረቤቱን እማማ ጠጂቱን ብቻ «ዘመድ ታሞብኝ ልጠይቅ ነው» አላቸውና ተሳፈረ። ይቺን ውሸት ያዙልኝ፤ በኋላ ትወልዳለች።

ሐኪሙ ራሱን ሙልጭ አድርጎ ላጨው፣ አደነዘዘው፣ ቀኑን ሙሉ አንድ በአንድ ሲተክልበት ዋለ። ሲጨርስ ወረቀት ሰጠውና፦

«ስማኝ አቶ ዘርጋው» አለው። «በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ግንባርህ ያብጣል፣ እብጠቱ ወደ ዓይንህ ይወርዳል፤ አትደንግጥ፣ ይጎድላል። ትራስህን ከፍ አድርገህ ተኛ። ጎንበስ አትበል፣ ከባድ ነገር አታንሳ፣ ፀሐይ አይምታህ። ይበላሃል፤ እንዳታክ! ለጊዜው ምንም ነገር ራስህን እንዳይነካው። ቅርፊቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከዚያ በኋላ ደግሞ የተተከለው ፀጉር ራሱ…»

ዘርጋው ግን እዚያ ላይ አልነበረም። በሐሳቡ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ከእቴነሽ መደብ ፊት ቆሞ «እንዴት አደርሽ?» እያለ ነበር። «እሺ ዶክተር፣ እሺ» ብሎ ወጣ። ወረቀቱንም ሰው እንዳያገኝበት አውቶቡሱ ውስጥ ቦጫጭቆ በመስኮት በተነው። ምን ትሉታላችሁ? የሚያድነውን ምክር ለነፋስ ሰጠው!

በምሽት ደርሶ ማንም ሳያየው በሩን ዘጋ። ከዚያ ጀመረ። ትራስ ደርቦ፣ ተቀምጦ እንደሚያንቀላፋ ዘበኛ ሆኖ ያድራል። ግንባሩ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጠረ። ራሱ ሲበላው እጁን ከታፋው ሥር ከትቶ ይቀመጥበታል። ሐኪሙ ያዘዘለትን የጨው ውሃ ራሱ ላይ ይረጫል፣ ይጠብቃል፣ እንደገና ይረጫል። ሕመሙስ ያን ያህል አልነበረም። «አመመህ ወይ?» የሚል መጥፋቱ ነው የከበደው። ቀን ላይ የገበያው ድምፅ በመስኮቱ ይገባል። አንዴማ የእቴነሽን ድምፅ ለየው፦ «ኧረ ይሄ ዘርጋው የት ጠፋ? ሱቁ ከተዘጋ ሦስት ቀኑ!» ስትል። ተነስቶ እስከ መስኮቱ ሄደ። እጁን መጋረጃው ላይ አደረገ። ከዚያ ራሱን አሰበና ተመልሶ ተቀመጠ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ውሃ አለቀበት። ግቢው ጭር ያለ መሰለውና ጀሪካን ይዞ ራሱን ሳይሸፍን ወደ ቧንቧው ብቅ አለ። እማማ ጠጂቱ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር።

አሁን እስኪ እናንተ ፍረዱ። የታመመ ዘመድ ልጠይቅ ብሎ የሄደ ሰው፣ ራሱን ተላጭቶ፣ አናቱ በደም ነቁጥ ተሞልቶ፣ ዓይኑ አብጦ እስኪደፈን ድረስ ሆኖ ቢያዩት ምን ይላሉ? በእኛ አገር ፀጉሩን የሚላጭ ማን ነው? ራሱን የሚነጭ ማን ነው? ዓይኑ እንዲያ የሚያብጥስ?

«ወይኔ ልጄ!» አሉ እማማ ጠጂቱ። «ሞተብህ እንዴ?»

ዘርጋው ደነገጠ። ጀሪካኑን ጥሎ ገባና በሩን ዘጋ። ለእማማ ጠጂቱ ከዚህ በላይ መልስ አላስፈለጋቸውም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በቀጥታ ወደ እድሩ ዳኛ ሄዱ።

ጥቂት ቆይቶ ጥሩምባ ተነፋ። «እድርተኞች! ዘርጋው ቤት ለቅሶ ነውና ድረሱ!»

ዘርጋው ከውስጥ ሆኖ የድንኳን ካስማ ሲመታ ሰማ። «ምስኪን፣ ከግቢያችን ማን ሞተ?» አለ ለራሱ። ኪ ኪ ኪ! ካስማው በራሱ ደጅ ላይ እየተተከለ! በሩ ተገፍቶ ሲከፈት፣ «ወንድሜ! ወንድሜን!» እያለ ሕዝብ ገባ። አንዱ አንገቱን ሊያቅፍ፣ ሌላው ጭንቅላቱን ደረቱ ላይ ሊያስደግፍ ሲመጣ ዘርጋው ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፦

«ራሴን አትንኩ! በእመቤቴ፣ ራሴን ብቻ አትንኩ!» ብሎ ጮኸ።

«እዩት፣ ሐዘኑ አእምሮውን ነክቶታል» ተባባሉ። «ያዙት፣ ያዙት!»

አልቃሿ በበኩሏ ደረቷን ልትመታ ተነስታ ግራ ገባት። «የሟቹን ስም ንገሩኝ እንጂ! በባዶ እንዴት ላልቅስ?» አለች። አንዱ አንዱን ቢያይ የሚያውቅ የለም። እሷ ግን ሙያዋ ነውና አላቃታትም፦

ስሙን ባልሰማውም፣ ፊቱንም ባላውቅ፣
ዘርጋውን ያስላጨው፣ ሰው ነበር ትልቅ!

ሕዝቡ አነባ። ዘርጋው እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። ይሄኔ የእድሩ ዳኛ አቶ ሳህሉ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በስብሰባ ላይ «ይሄ ሰው ስንሞት እንኳ ቢቀብረን ምን አለበት?» እያሉ የሚያሙት፣ ከጎኑ ተቀመጡና ጉልበቱን ያዙት። «ተወው ልጄ፣ አትናገር፤ እኛ አለን» አሉት።

እሱም አልተናገረም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ? መጀመሪያ ላይ ከኀፍረት ነው። ኋላ ግን ቤቱን ዞር ብሎ አየ። ሞልቷል። አንዲት ሴት ንፍሮ ዘግና በእጇ አጎረሰችው። ከሰው እጅ ከጎረሰ ስንት ዘመኑ! ያኔ እውነተኛ እንባ መጣበት፤ ለብቻ የበላው እራት ሁሉ እንባ ሆኖ ወረደ።

እቴነሽ ከሁሉም ኋላ መጣች። አንድ እግሯ ላይ ብቻ ጫማ አድርጋ፣ እጇ በእርድ ቢጫ እንደሆነ፣ ከውጭ ጀምራ እየጮኸች ነው የገባችው። በሩ ላይ ስትደርስ ዘርጋውን ተቀምጦ አየችውና ደርቃ ቀረች። ከዚያ መሬት ላይ ዘጭ አለች፤ ከቅድሙ ይልቅ አሁን ባሰባት፣ ተንሰቀሰቀች። ዘርጋው «አዘነችልኝ» ብሎ አንገቱን ደፋ። ሌላ ነገር አልጠረጠረም። ይቺንም ያዙልኝ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነሳ። ሰው ወደየቤቱ ሄደ። ያው አንድ ሰሃን፣ አንድ ብርጭቆ። ነገር ግን ሰው ሞልቶበት ከወጣ ቤት ይልቅ ባዶ ቤት የለም። እብጠቱ ጎደለ፣ ቅርፊቱ ለቀቀ፣ ኮፍያውን ላላ አድርጎ ሱቁን ከፈተ። ሰው ሁሉ «እግዜር ያጥናህ» ይለዋል። በእያንዳንዷ «ያጥናህ» ላይ አንድ ጆንያ በርበሬ የተጫነበት ይመስለው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ከእንቅልፉ ሲነሳ ትራሱ ላይ ፀጉር አየ። በማግስቱም ብዙ። በሳምንቱ የተተከለው ሁሉ ረግፎ አናቱ እንደ ጥንቱ ሆነ። «ይኸው! የሰው እንባ ሰርቄ እግዜር ቀጣኝ» አለ። ሱቁን ዘጋ፤ እንደገና ከቤቱ ተሸሸገ። ሽማግሌ መላክም፣ እቴነሽም፣ ሁሉም አበቃ ብሎ ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ።

በርበሬ የሚያመጡለት አባባ ደርቤ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ሱቁን ዝግ ሲያገኙት ጭነታቸውን አሳድረው ቤቱ ድረስ መጡ። አይተው ዝም የሚሉ ሽማግሌ አይደሉም።

«በለቅሶው ቀን አይቼሃለሁ» አሉት። «በመስመር በመስመር ነበር የቆሰልከው። ሐዘንተኛ ራሱን በመስመር አይነጭም። አስተክለህ ነው፣ አይደል?»

ዘርጋው አለቀሰ። ሁሉንም ነገራቸው። «ይኸው ሁሉም ረገፈ አባባ፤ ያውም ጠብቄው፣ ሳላከው!» አላቸው።

ሽማግሌው ሳቁ። «ሃያ ዓመት በርበሬ ስትሸጥ አንድ ቀን ሲተከል አላየህም? ችግኝ ከመደቡ ነቅለህ ማሳ ላይ ስትተክለው መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ይጠወልጋል፣ ቅጠሉን ይጥላል። የማያውቅ ሰው ሞተ ብሎ ይነቅለዋል። ሞቶ አይደለም ልጄ፤ አቅሙን ወደ ሥሩ እየሰደደ ነው። ሐኪሙ ይሄን አልነገረህም?»

ዘርጋው ያኔ «የተተከለው ፀጉር ራሱ…» የምትለዋ ቃል ትዝ አለችው።

«ፀጉርህስ ይበቅላል» አሉት አባባ ደርቤ ለመሄድ እየተነሱ። «በሕዝቡ ልብ የተከልከውን ውሸት ግን አንተ ራስህ ካልነቀልከው የሚጥልልህ የለም።»

በእሑዱ የእድር ስብሰባ ዘርጋው ገባ። በሕዝቡ ፊት ቆመና በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወዶ ኮፍያውን አወለቀ። «የሞተብኝ የለም» አለ። «ፀጉር አስተክዬ ነው። እናንተ ስታለቅሱልኝ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። ሬሳችሁን ሳልሸኝ ለእኔ መጣችሁ። ይቅር በሉኝ።»

ከዚያ አልቃሿ ከኋላ «አንተ ሌባ! ያን የመሰለ ግጥም ለራስ ፀጉር ነው ያስጨረስከኝ?» ስትል ጉባኤው በሳቅ ተናጋ። አቶ ሳህሉ እንባቸውን ጠርገው ፈረዱ፦ ዓመት ሙሉ ለቅሶ በተነሳ ቁጥር ድንኳኑን የሚተክለው ዘርጋው ነው፤ ኮፍያ ሳያደርግ።

ተከለም። ስንቱን ሬሳ ሸኘ፣ ከስንቱ ጋር ንፍሮ ቆረጠመ። ፀጉሩስ? በአራተኛው ወር እንደ ጎረምሳ ጺም ሳሳ ብሎ ብቅ አለ፤ ዓመት ሲሞላው ማበጠሪያ ያዘ። ያኔ ግን ማበጠሪያ መግዛቱንም የረሳ ሰው ሆኖ ነበር።

እንግዲህ የሰማችሁ ልብ በሉ። የተተከለ ነገር ሁሉ ከመጽደቁ በፊት የሚረግፍበት ጊዜ አለው፤ በዚያን ጊዜ አትንቀሉት፣ አትከኩት፣ ጠብቁት። ከዚያ የሚበልጠው ደግሞ ይሄ ነው፦ ሰው ጉድለቴን ያይብኛል ብለን በር ስንዘጋ፣ ከውጭ የሚቀረው የሚወደን ሰው ነው። እናንተስ ኮፍያችሁ ምንድን ነው? በእሱስ ምክንያት የማን ደጅ ቀረባችሁ?

አሁን ያቆየሁላችሁን ልስጣችሁና እናብቃ። ከስብሰባው በማግስቱ፣ አናቱ ገና ባዶ ሳለ፣ ዘርጋው ኮፍያውን በእጁ ይዞ እቴነሽ መደብ ፊት ቆመ። «እቴነሽ፣ እንባሽን በከንቱ ስላስፈሰስኩሽ ይቅር በዪኝ። ሽማግሌ ልልክ ነበር ያሰብኩት፤ ፀጉሬ እስኪበቅል ብዬ ነው የቆየሁት» አላት። እሷም እርዷን መመዘኗን ትታ ቀና አለችና እንዲህ አለችው፦

«ጥሩምባው ‹ዘርጋው ቤት› ሲል እኔ የሞትከው አንተ መስሎኝ ነው የጮህኩት። በሕይወት አግኝቼህ ቁጭ ብዬ ካለቀስኩ በኋላ፣ አንተ ሰውዬ፣ የምን ፀጉር ነው የምታወራኝ?»