የእመት ቀበሮ ወርቅ ቅብ ማጥለቂያ

አንድ ጊዜ በአንድ ሰፊ ሐይቅ ዳር የሚኖር ጅብ ከአንበሳ ዘንድ ጥሪ መጣበት። በሰፈሩ ጥጃ በጠፋ ቁጥር የሚነሣው የእሱ ስም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ብዙውን ጊዜ ያለ ነገር አልነበረም የሚነሣው።

«አያ ጅቦ፣» አለው አንበሳ፣ «ከእንግዲህ ከጥጃ እጅህን ሰብስበህ እንደ ጎረቤቶችህ በዓሣ ትኖራለህ። ጨረቃ ሳትሞላ ከጥልቁ አንድ አምባዛ አጥምደህ ካላሳየኸኝ ግን ሐይቁን ለቀህ ትሄዳለህ።»

ጅቡ ደነገጠ። ተወልዶ ያደገው እዚያው ነው፤ ሐይቁንም ይወደዋል። «አሳይዎታለሁ ጌታዬ!» ብሎ ምሎ ወደ ገበያ ሮጠ።

አምባዛ ከታች ነው የሚኖረው። እሱን የሚሹ ሁሉ ታንኳ እየቀዘፉ ክራቸውን ከኋላ ይጎትታሉ፤ ክሩ ላይ ላዩን እንዳይቀር ደግሞ ማጥለቂያ የሚባል ክብደት ያስሩበታል። ጅቡ ታንኳ፣ ክርና መንጠቆ ነበረው፤ የጎደለው ማጥለቂያ ነው።

ገበያው ውስጥ አህያ እርሳስ አቅልጦ፣ ድቡልቡል አድርጎ፣ ሰም ቀብቶ ይሸጣል። መልኩ ጥቁር ነው፤ ከመንገድ ዳር ጠጠር አይለይም።

«አንዱ በአንድ ሸክም ሣር ነው፤» አለ አህያ፣ ጅቡ በተጠጋ ቁጥር ወደ ኋላ እያለ። «ደግሞ እዚያው ሆነህ ንገረኝ፤ ጆሮዬ ደህና ነው።»

«እኔ ጅቡ ሣር ላጭድ? ለዚህ ጥቀርሻ?» ብሎ ትቶት አለፈ።

ከወዲያ ማዶ እመት ቀበሮ ቅርጫቷን ከፍታ ተቀምጣለች። ውስጡ ያለው ማጥለቂያ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ያብለጨልጫል። እሷ ብቻ የምታውቀው ነገር ቢኖር፣ ደረቅ ኩበት ጠርባ፣ ቢጫ አፈር በእንቁላል ለውሳ የቀባችው መሆኑን ነው።

«ስንት ነው?» አለ ጅቡ።

«አንድ አጥንት።»

«አንድ አጥንት ብቻ? እንግዲያው ምን ይረባል!»

እመት ቀበሮ ሳቋን በጅራቷ ሸፈነች። «ውይ፣ ያየኸው ተራውን ነው፤» አለችና ከዚያው ቅርጫት ሌላ አወጣች። «ላንተ ዓይነቱ የሚሆነው ይኼ ነው፤ ወርቅ ቅብ። አንድ ገመድ ሙሉ ቋንጣ።»

«አሁን ገና ዕቃ አየሁ!» አለ ጅቡ። አንሥቶ ሲይዘው ግን ቀለለው።

«ጥበቡ እሱ ላይ ነው፤» አለች ቀበሮ። «መሸከም የአህያ ነው። ይኼ እጅ ላይ ይቀላል፣ ውሃ ሲያይ ይከብዳል።»

ጅቡ አሸተተው። በረት በረት ሸተተውና ምራቁን ዋጠ። ከዚያ ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን ቋንጣ አምጥቶ አስረከበ።

በማግስቱ ታንኳው ላይ ወጥቶ ክሩን ለቀቀ። ማጥለቂያው ሆዬ መስመጡን ትቶ ከኋላው እየተንሳፈፈ ተከተለው። አንዲት ዳክዬ ዘመዷ መስሏት ጥቂት አብራው ዋኘች።

«እመት ቀበሮ፣ አልሰምጥ አለኝ እኮ!» አላት ወደ ገበያ ተመልሶ።

«ስንት ዙር ነው የተቀባልህ?»

«አንድ።»

«አየህ! አንድ ዙር ቅብ ለኩሬ ነው፤ ለሐይቅ ሁለት ይፈልጋል። ቅልጥም ይዘህ ና።»

ቅልጥሙን ሰጠ፣ ማጥለቂያው ተቀባ፣ ደግሞም ተንሳፈፈ። ለሦስተኛው ዙር ቤት ውስጥ የቀረውን ስብ ሁሉ ጠራርጎ ወሰደላት። አህያ ከሩቅ ሆኖ «አያ ጅቦ፣ ድንጋይ ካልዋኘ ኩበት አይሰምጥም!» ቢለው፣ «ገበያህ ቀርቶብህ ነው!» ብሎት አለፈ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ?

ጨረቃዋ ልትሞላ አንድ ቀን ሲቀራት ጅቡ ማልዶ ሐይቁ ላይ ወጣ። ሦስቱም ዙር ቅብ ተሰነጣጠቀ፣ ቢጫው ውሃው ላይ ተበተነ፣ ኩበቱም ርሶ ፈረሰ። ጅቡ ባዶ ክሩን ይዞ ሲያፈጥ እመት ቀበሮ በታንኳዋ በአጠገቡ ስታልፍ አየ። ክሯ ተወጥሯል። ሳብ ስታደርገው ወፍራም አምባዛ እየተገላበጠ ወጣ። ክሩ ላይ የታሰረውም ያ ጥቁሩ፣ ሰም የተቀባው የአህያ እርሳስ ነበር።

«እመት ቀበሮ! ወርቅ ቅቡን ትተሽ በዚህ ነው እንዴ የምታጠምጂው?»

«እንዴ፣ አያ ጅቦ!» አለች አምባዛውን ታንኳዋ ውስጥ እየጣለች። «ያኛው እኮ የሚሸጥ ነው፤ የሚያጠምደው ይኼኛው ነው። ሣር አጭጄ ነው የገዛሁት።»

ጅቡ ያኔ ገባው። በነጋታው አንበሳ ፊት ባዶ እጁን ቀርቦ ተንበረከከ።

«ጌታዬ፣ አንዲት ቀን ብቻ ይስጡኝ! ሣር አጭጄ ልምጣ!»

«ሣር?» አለ አንበሳ። «ጅብ ሣር ሊያጭድ? ሣሩ ውስጥ የተኛ ጥጃ አይተህ መሆን አለበት!»

የተሰበሰበው እንስሳ ሁሉ ከት ብሎ ሳቀ። ምስኪን ጅብ፣ በዕድሜው አንድ ቀን እውነት ቢናገር የሚያምነው አጣ። ወደ ሐይቁ እየዞረ እያየ በዚያው ሄደ። የማያውቁት አገር ገብቶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» ማለቱም ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል።

ከዚህ የምንማረው የሻጭን አፍ ከመስማት ሻጩ ራሱ ለገዛ ሥራው የሚይዘውን ዕቃ ማየት እንደሚበልጥ ነው።